የነገን ዋጋ ያሰሉት ፕሮፌሰር

(በሬዲዮ ዝግጅት ከቀረበ ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ)



ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

የተከበራችሁ አድማጮች! ባለፈው ሰሞን ከመግሪብ ሶላት በኋላ አንድ አባት ልጃቸውን አስከትለው ወደ እኔ መጡ። ልጁ በዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ያጠናል። ወደፊት «ኳንቲታቲቭ ፋይናንስ» የሚባለውን፣ ማለትም የገንዘብንና የገበያን ነገር በከፍተኛ ሒሳብ የሚመረምረውን የትምህርት ዘርፍ ለመቀጠል አስቧል። አባት ግን ተጨንቀዋል። «ኡስታዝ፣ ልጄ ዕውቀት ሊማር ነው ወይስ ሪባ ሊማር ነው? እስቲ አንድ ነገር ይንገሩን» አሉኝ።

ወዲያው አልመለስኩላቸውም። ምክንያት ነበረኝ። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ገና ከኮሌጅ እንደወጣሁ፣ ይህንኑ የመሰለ ጥያቄ ይዞ የመጣ አንድ ወጣት ነበር። ጥያቄውን ጠንቅቄ ሳልሰማ «ይህ የወለድ ትምህርት ነው፤ ይቅርብህ» ብዬ መለስኩት። ልጁም አክብሮኝ ተወው። ከዓመታት በኋላ በአገራችን የወለድ ነጻ ባንክ ጉዳይ ሲነሳ፣ ሸሪዓውንም ስሌቱንም አጣምሮ የሚያውቅ ሰው አጥተን ስንቸገር ያ ልጅ ትዝ አለኝ። ሳላውቅ ተናግሬ ነበር። ስለዚህ በዚህኛው ጊዜ አባትዬውን «አንድ ሳምንት ይስጡኝ» አልኳቸው።

በዚያ ሳምንት ከዚህ የትምህርት ዘርፍ መሥራቾች አንዱ የሆኑትን የአሜሪካዊውን ፕሮፌሰር የሮበርት ሜርተንን የሕይወት ጉዞ አነበብኩ። ሰውዬው ሙስሊም አይደሉም፤ የሠሩትም ሁሉ በእኛ ሚዛን የሚያልፍ አይደለም። ነገር ግን በእርሳቸው ጉዞ ውስጥ ልጆቻችንን ስንመክር የሚጠቅመን ትልቅ ትምህርት አገኘሁ። ዛሬ ለእናንተም ላካፍላችሁ ወደድኩ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሮበርት ሜርተን በ1944 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ ስመ ጥር የማኅበረሰብ ሳይንስ ሊቅ ነበሩ። ልጁ ግን ከትንሽነታቸው ጀምሮ ልባቸው ወደ ቁጥር አዘነበለ። በጨዋታ መልክ የራሳቸውን ባንክ «ያቋቁሙ» ነበር፤ የእናታቸውን የባንክ ሒሳብ እያመሳከሩ ደስ ይላቸው ነበር፤ በአሥር ዓመታቸው ገደማም የመጀመሪያውን የአክሲዮን ድርሻ ገዙ። ወላጆች ሆይ! ልጅ በጨዋታው መካከል ዝንባሌውን ይናገራል። የሚያዳምጥ ሲያገኝ ነው የሚያድገው።

በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ሒሳብ ተምረው በ1966 ተመረቁ። ከዚያ ወደ ካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሄዱ። እዚያ ሳሉ የኒው ዮርክ ገበያ ሲከፈት በካሊፎርኒያ ገና ማለዳ ስለሆነ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ አክሲዮን አሻሻጮች ቢሮ ይሄዱና ከክፍል በፊት ገበያውን ይከታተሉ ነበር። በመጨረሻ ሒሳቡን ትተው ወደ ኢኮኖሚክስ ለመዞር ወሰኑ። ለብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አመለከቱ፤ የተቀበላቸው ግን አንድ ብቻ ነበር፤ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በተለምዶ ኤም.አይ.ቲ. የሚባለው። እዚያም የታላቁ የኢኮኖሚ ሊቅ የፖል ሳሙኤልሰን ረዳት ሆኑ፤ በ1970 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ፤ በዚያው ተቋም ማስተማር ጀመሩ።

የመጀመሪያው ትልቅ ጥያቄያቸው የባንክ ወይም የነጋዴ ጥያቄ አልነበረም። በ1969 ባሳተሙት ጽሑፍ የጠየቁት፣ አንድ ሰው ነገ የሚያገኘውን በእርግጠኝነት ሳያውቅ በዕድሜው ዘመን ሁሉ ከገቢው ስንቱን ይብላ፣ ስንቱን ያስቀምጥ የሚል ነበር። ይህ በየቤታችን ያለ ጥያቄ ነው። እናቶች ደመወዝ በመጣ ቁጥር የሚፈቱት ሒሳብ ነው። ይህን ጥያቄ ያዙልኝ፤ በመጨረሻ እንመለስበታለን።

ስማቸውን ያስጠራው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። እርሱን ለመረዳት ወደ መርካቶ እንሂድ። አንድ ነጋዴ ዋጋው 10,000 ብር የሆነ ዕቃ አየ እንበል። «እስከ ወሩ መጨረሻ በዚህ ዋጋ አቆይልኝ» ብሎ 500 ብር ይከፍላል። ወሩ ሲያልቅ ዕቃው 12,000 ቢገባ፣ ውል አለውና በ10,000 ይወስዳል። 8,000 ቢወርድ ይተወዋል፤ የሚከስረው የከፈለውን 500 ብር ብቻ ነው። እኛ ቀብድ ከምንለው ጋር ይመሳሰላል። በዓለም ገበያ ደግሞ «ኦፕሽን» ይባላል።

ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፦ ያ 500 ብር ተገቢ ዋጋ ነው ወይ? ለምን 300 ወይም 800 አልሆነም? ከዚያ በፊት ብዙዎች መልሱን ለማግኘት ዋጋው ነገ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል የሚለውን ማወቅ ያስፈልጋል ብለው ያስቡ ነበር። በ1973 ፊሸር ብላክና ማይረን ሾልስ በአንድ በኩል፣ ሜርተን በሌላ በኩል ባሳተሟቸው ጽሑፎች የሰጡት መልስ ዓለምን አስደነቀ። ዋጋው ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ አያስፈልግም፤ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ማወቅ ይበቃል አሉ። ሻጩ ዋጋው ሲወጣ ከዕቃው ጥቂት እየጨመረ፣ ሲወርድ ጥቂት እየቀነሰ በእጁ ቢይዝ፣ የወሩ መጨረሻ የትም ቢያርፍ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃል። ይህን ለማድረግ የሚያወጣው ወጪ ነው የ«ቀብዱ» ተገቢ ዋጋ። ሜርተን ጃፓናዊው የሒሳብ ሊቅ ኪዮሺ ኢቶ ቀደም ሲል በፈጠሩት የሒሳብ ስልት ተጠቅመው፣ ይህ መጨመርና መቀነስ ያለማቋረጥ በየቅጽበቱ ቢደረግ ስሌቱ እንዴት እንደሚሠራ አሳዩ።

በዚያው በ1973 በቺካጎ ከተማ የኦፕሽን መገበያያ ተከፈተ። ቀመሩ ከመጽሔት ገጽ ወጥቶ ወዲያው በነጋዴዎች እጅ ገባ። ሜርተን በ1988 ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። በ1997 ከሾልስ ጋር የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማትን ተቀበሉ። ብላክ በ1995 ስላረፉ ሽልማቱ አልደረሰላቸውም።

እዚህ ላይ የሸሪዓውን ነገር ሳንነካ አናልፍም። የኢስላማዊ ፊቅህ ዓለም አቀፍ አካዳሚ በ1992 ጅዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ፣ በዓለም ገበያ የሚሸጠው የኦፕሽን ውል እንደማይፈቀድ ወስኗል። ምክንያቱም የሚሸጠው ነገር ንብረትም፣ የንብረት ጥቅምም አይደለም የሚል ነው። ቀብድ ግን ሌላ ነው። ሽያጩ ሲጸና ቀብዱ ከዋጋው ይታሰባል፤ የኦፕሽን ክፍያ ግን አይታሰብም። በቀብድ ላይ ቀደምት ዑለማዎች ተለያይተዋል፤ አብዛኞቹ ሲከለክሉ የሐንበሊ መዝሀብ ፈቅዷል። አካዳሚው በ1993 የመጠበቂያው ጊዜ ከተወሰነ እንደሚፈቀድ ወስኗል። ይህን የማነሳው አንድ ነገር ለማሳየት ነው። ዑለማዎቹ ይህን መወሰን የቻሉት ነገሩን መርምረው ስላወቁ ነው። ያላወቁትን ነገር ሐላልም ሐራምም ማለት አይቻልም። እኔ ያን ወጣት ስመልሰው ያጓደልኩት ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ፈተናው እንምጣ። በ1994 ጆን ሜሪዌዘር የተባሉ የዎል ስትሪት ነጋዴ «ሎንግ ተርም ካፒታል ማኔጅመንት» የተባለ የገንዘብ ድርጅት ሥራ አስጀመሩ። ሜርተንና ሾልስም ከሸሪኮቹ መካከል ነበሩ። ሥራው እንዲህ ነው። ሁለት ሊመሳሰሉ ጥቂት የቀራቸው የብድር ሰነዶች በገበያ ላይ በትንሽ የዋጋ ልዩነት ይገኛሉ። ከአንድ ማሳ የወጣ ጤፍ በሁለት ገበያ በተለያየ ዋጋ እንደሚሸጥ ማለት ነው። ድርጅቱ ርካሹን ይገዛል፤ ውዱን ይሸጣል፤ ልዩነቱ ሲጠብ ያተርፋል። ነገር ግን ልዩነቱ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ትርፉ የሚታየው በብዙ ገንዘብ ሲሠሩ ብቻ ነው። ብዙ ገንዘብ ደግሞ በብድር መጣ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነገሩ ሁሉ ሰመረ። በ1995 እና በ1996 በየዓመቱ ለባለ ገንዘቦቹ ከ40 በመቶ በላይ አተረፈ። በ1998 መግቢያ ላይ የድርጅቱ የራሱ ካፒታል ወደ 5 ቢሊዮን ዶላር ሲጠጋ፣ የተበደረው ግን ከ120 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ይህን ወደ ቤታችን ሒሳብ እናውርደው። 100 ብር የሚያወጣ ዕቃ ይዣለሁ፤ 4ቱ ብር የእኔ ነው፤ 96ቱ የሰው ነው። የዕቃው ዋጋ 4 ብር ብቻ ቢወርድ የእኔ የሚባል ነገር አልቋል። የቀረው ሁሉ የአበዳሪ ነው።

በነሐሴ 1998 ሩሲያ ዕዳዬን መክፈል አልችልም አለች፤ የገንዘቧንም ዋጋ አወረደች። ባለ ገንዘቦች በድንጋጤ እጅግ አስተማማኝ ወደሚሉት ሰነድ ብቻ ሸሹ። ይጠባል የተባለው የዋጋ ልዩነት ሰፋ። ድርጅቱ በዚያ አንድ ወር ከካፒታሉ 44 በመቶውን አጣ። ለመሸጥ ሲሞክር ገዢ ጠፋ። በመስከረም ወር መጨረሻ የኒው ዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ታላላቅ ባንኮችን ሰብስቦ አነጋገረ፤ 14 ባንኮችና የገንዘብ ተቋማት 3.6 ቢሊዮን ዶላር አዋጥተው የድርጅቱን 90 በመቶ ወሰዱ። የመሥራቾቹ ሀብት አብዛኛው ጠፋ። የኖቤል ሽልማቱ ከተሰጠ ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር።

ውድ አድማጮች! በዚህ ላይ መሳለቅ አይገባንም። በሰው መከራ መደሰት ከሙስሊም ሥነ ምግባር አይደለም። ሜርተን ከሸሪኮቹ አንዱ እንጂ የድርጅቱ አዛዥ አልነበሩም። ስሌታቸውም ከንቱ አልነበረም። እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነው። ቀመሩ የሚሠራው ዋጋ ሳይዘል ቀስ በቀስ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ ሁልጊዜም ገዢና ሻጭ የሚገኝ ከሆነ ነው። ዋጋ አንዳንድ ጊዜ እንደሚዘልና ያን ጊዜ ስሌቱ እንደሚለወጥ ቀድመው የጻፉት ማን ይመስላችኋል? ራሳቸው ሮበርት ሜርተን ናቸው፤ በ1976። ዕውቀቱ ከመጽሐፉ አልጠፋም ነበር። በዚያ ሁሉ ብድር ውስጥ ግን ለዕውቀቱ ቦታ አልተረፈለትም።

ነገሩን በአጭሩ እንዲህ ልበለው። ስሌት ጊዜ ካገኘ ይታረማል፤ ዕዳ ግን ጊዜ አይሰጥም። ድርጅቱ ይጠባል ያለው ልዩነት ውሎ አድሮ ሊጠብ ይችል ይሆናል፤ የሰው ገንዘብ የያዘ ሰው ግን እስከዚያ ቀን መቆየት አይችልም። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ብድር ውል አጻጻፍ መሆኑን ሁላችንም በመድረሳ ተምረናል። ዕዳ ቀላል ነገር ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ትኩረት ባልተሰጠው ነበር።

ይህ የአሜሪካ ሀብታሞች ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በየሰፈራችን ልጅን ወደ ዐረብ አገር ለመላክ ቤተሰብ ከዘመድ ይበደራል፤ ከጎረቤት ይበደራል፤ መሬት በመያዣ ይሰጣል። ስሌቱ ሁሉ የቆመው ደመወዙ በየወሩ ሳይቋረጥ ይመጣል በሚል ግምት ላይ ነው። አሠሪዋ ሲከለክላት፣ ልጅቷ ስትታመም፣ ወይም ወደ አገር ስትመለስ ስሌቱ ይፈርሳል፤ ዕዳው ግን እንዳለ ይቆያል። ለሠርግ የሚበደርም እንደዚሁ ነው። ልዩነቱ የዜሮው ብዛት ነው እንጂ የሁለቱ አወዳደቅ አንድ ዓይነት ነው።

ሜርተን ከዚያ በኋላ ምን አደረጉ? ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። በሃርቫርድ እስከ 2010 አስተማሩ፤ ከዚያም ወጣት ሳሉ ብቻውን ወደተቀበላቸው ወደ ኤም.አይ.ቲ. በፕሮፌሰርነት ተመለሱ። ጥያቄያቸውም ወደ መጀመሪያው፣ ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ወደ ቤተሰብ ጥያቄ ተመለሰ። ሠራተኛ ሲያረጅ ምን ይበላል? በ2014 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሰዎች ለጡረታ ሲያስቡ «ስንት ገንዘብ አከማቸሁ?» ብለው መጠየቃቸው ስሕተት ነው፣ «በእርጅናዬ በየወሩ ስንት አገኛለሁ?» ብለው ይጠይቁ አሉ። ከአንድ የሥራ ባልደረባቸው ጋር ያቀረቡትን ሐሳብ መነሻ በማድረግ የብራዚል መንግሥት በ2023 አዲስ የጡረታ ሰነድ ለሕዝቡ አቀረበ። አንድ ሰው በሥራ ዘመኑ ጥቂት በጥቂት እየገዛ፣ ሲያረጅ ለ20 ዓመት በየወሩ ከኑሮ ውድነት ጋር የሚስተካከል ክፍያ ያገኛል። ሰነዱ በወለድ ላይ የቆመ ስለሆነ እንዳለ ልንወስደው አንችልም። ጥያቄው ግን የእኛም ጥያቄ ነው፤ ያለ ወለድ መልሱን መፈለግ ያለብን እኛው ነን።

ማን ይፈልገዋል? በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2011 ባንኮች የወለድ ነጻ አገልግሎት በመስኮት እንዲሰጡ መመሪያ አወጣ። በ2019 ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆነ ባንክ ማቋቋም ተፈቀደ። በ2021 ዘምዘም ባንክና ሂጅራ ባንክ ሥራ ጀመሩ። በጥር 2025 ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ተከፈተ። በሙራበሓና በሙሻረካ የሚሠራ ባንክም አደጋን መለካት አለበት፤ የትኛው አክሲዮን በሸሪዓ ሚዛን እንደሚያልፍ የሚመረምር ሰው ያስፈልጋል። ይህ በመልካም ምኞት ብቻ አይሠራም። በባግዳድ በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አል-ኸዋሪዝሚ የአልጀብራ መጽሐፋቸውን ሲጽፉ፣ ሰፊውን ክፍል ለውርስ ክፍፍል ስሌት ነው የሰጡት። ሸሪዓና ሒሳብ ትናንት የተዋወቁ አይደሉም።

ሳምንቱ ሲሞላ አባትና ልጅ ተመልሰው መጡ። እስካሁን የነገርኳችሁን ሁሉ ነገርኳቸው። ለአባትዬው እንዲህ አልኳቸው፦ «ወለድ እንዴት እንደሚሠራ መማርና በወለድ መነገድ የተለያዩ ናቸው። ሐኪም በሽታን የሚማረው ሊያዛምተው አይደለም። ሲመረቅ የት እንደሚሠራና የምን ውል እንደሚፈርም ግን ያኔ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፤ ቀድሞ ይዘጋጅበት።»

ለልጁም ሦስት ነገር ነገርኩት። አንደኛ፣ ፊቅህን ከሒሳቡ ጎን ለጎን ተማር፤ አንዱን ይዘህ አንዱን አትተው። ሁለተኛ፣ ስሌት በሠራህ ቁጥር መልሱን ብቻ ሳይሆን «ይህ ከሆነ» ብለህ የጀመርክበትን ግምት ጻፈው፤ ለሚሰማህም ሁሉ አስረዳ። ሦስተኛ፣ ስሌትህ የቱንም ያህል ቢያምርህ የሰው ገንዘብ ተበድረህ አትጫንበት። ነገ ምን እንደሚሆን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። «ኢንሻአላህ» የምንለው ለምላስ ማሳመሪያ አይደለም፤ በስሌቱ ውስጥም ቦታ ሊኖረው ይገባል። ቦታው ደግሞ የሚታይ ነው፤ ያልተበደርነውና ለክፉ ቀን ያስቀመጥነው እርሱ ነው።

ልጁ ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «ኡስታዝ፣ ዋጋ እንደሚዘል በ1976 ራሳቸው ከጻፉ፣ በ1998 ለምን አልጠቀማቸውም?» አለኝ።

እኔም «ይህን ጥያቄ ይዘህ ሂድና ተማር» አልኩት። አባትየው ወደ ልጃቸው ዞር ብለው ተመለከቱት፤ ከዚያ ትከሻውን ይዘው ወጡ።

ያ ከብዙ ዓመታት በፊት የመለስኩት ወጣት ይህን ዝግጅት እያደመጠ ከሆነ አውፍ ይበለኝ። ዛሬ የራሱ ልጆች ይኖሩት ይሆናል። ከእነርሱ መካከል ቁጥር የሚወድ ካለ እንዳይከለክልብኝ አደራ እላለሁ።

አላህ (ሱ.ወ.) ጠቃሚ ዕውቀትን ይስጠን፤ ሐላል ሲሳይን ይወፍቀን፤ ከዕዳ ጫና ይጠብቀን። አሚን።